መሰላሉን ያወጣችው ምራት

ምራቲቱ ወይን አምራቾቹ ቤት ስትዳር ስለ ወይን የምታውቀው ነገር ቢኖር ዘለላው እንደሚጣፍጥ ብቻ ነበር። ያደገችው ከተማ ውስጥ፣ ክርና ቁልፍ ከምትሸጥ አክስቷ ጋር ነው። እናት አባቷን ሲጠይቋት «የሉም» ትልና ወሬውን ወደ ሌላ ታዞረዋለች። ባሏም ከዚህ የበለጠ አያውቅም፤ ጭምት ሰው ነውና የተዘጋ በር አያንኳኳም።

አማቷ ግን፣ ቤተሰቡ ሁሉ አባባ የሚላቸው ሽማግሌ፣ ገና በመጀመሪያው ዓመት አንድ ነገር አዩባት። ከሁለት ማሳ የተጠመቀ ወይን ጠጅ በሁለት ብርጭቆ ቀድተው ወንዶች ልጆቻቸውን ሲያቀምሱ፣ እሷ ሳህን ይዛ ስታልፍ አሸተተችና «ይሄኛው የድንጋያማው ማሳ አይደለም እንዴ?» አለች። ልክ ነበረች። ሌላ ቀን ሊፈትኗት ሦስት ብርጭቆ ደረደሩላት፤ አልሳተችም። ከዚያ ወዲህ ወደ ምድር ቤቱ ሲወርዱ «ነይ እስቲ» ይሏታል። ዘለላው መቼ እንደሚቆረጥ፣ ፍላቱ መቼ እንደሚበርድ፣ የትኛው በርሜል ነገር እንዳሰበ አሳዩዋት። «ወይን እንደ ሰው ነው፤ ዝም ሲል ነገር አስቧል» ይላሉ። ጉልበታቸው መድከም ሲጀምር የምድር ቤቱን ቁልፍ ከወገባቸው ፈትተው በቤተሰቡ ፊት ሰጧት።

ነገር የተጀመረው እዚያ ላይ ነው። አማቷ እማማ ቁልፉ ለታናሹ ልጃቸው እንዲሆን ነበር የሚመኙት። ታላቁ፣ ማለትም የምራቲቱ ባል፣ ከማሳው መለየት አይወድም። ታናሹን ግን ሰው ሁሉ ቱርቦ ይለዋል፤ ሲበላ ይሮጣል፣ ሲያወራ ይሮጣል፣ ደረጃ ሁለት ሁለቱን ይወጣል። እናቱ ይሳሱለታል። ቁልፉ ለምራታቸው በተሰጠ ዕለት እማማ «ይመቻችሁ» ብቻ አሉ። «ይመቻችሁ» ደግሞ በእሳቸው አፍ ከእርግማን አንድ እርከን ብቻ ዝቅ ያለ ነው።

ቱርቦ ራሱ ቅር አላለውም። «እትዬ፣ ቁልፍ የያዘ ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እኔን ደግሞ ቁጭ በል ከምትሉኝ እሰሩኝ» አላት፣ እየሮጠ።

ቁልፉን ከያዘች በኋላ ያመጣችው ሐሳብ ሌላ ጣጣ አስከተለ። በየዓመቱ ማሳው ላይ የሚረጨው መድኃኒት ባሏን አይስማማውም ነበር፤ በረጨ ቁጥር ክንዱ ይቆስላል፣ ሳል አልጋ ላይ ይጥለዋል። አፈሩም ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ሆኖ ትል እንኳ ጠፋበት። «እኛን የሚገድለን ነገር ወይኑን እንዴት ያኖረዋል?» አለችና መድኃኒቱ ይቅር ብላ ተከራከረች። በመስመሮቹ መካከል ሣርና ባቄላ ተዘራ፤ ከጠመቃ የተረፈው አተላ ከፍግ ጋር ተብላልቶ ወደ ማሳው ተመለሰ፤ የጣሪያው ዝናብ ተጠራቅሞ ለበጋ ቆየ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፉ ነበሩ። ቅጠሉ ሻገተ፣ ምርቱ አሽቆለቆለ፣ ጎረቤቶች አጥር ላይ ተንጠልጥለው «ዘንድሮ አረሙ እንዴት ነው? ይጠመቃል?» እያሉ ሳቁ። እማማም አብረው ሳቁ። ቀስ በቀስ ግን ሐረጉ ሥሩን ወደ ታች ሰደደ፤ የጎረቤት ማሳ በድርቅ ሲጠወልግ የእነሱ አረንጓዴ ሆኖ ከረመ፤ ወይን ጠጁም የራሱን ጠባይ አወጣ። ከሩቅ የሚመጡ ገዢዎች «የሴትዮዋን ስጡን» ማለት ጀመሩ። የጎረቤት ሳቅ ቆመ። የእማማ ፊት ግን አልተፈታም።

ምድር ቤቱ ውስጥ አንድ ሕግ ነበራት፤ ይህን ከአባባ አልተማረችውም። ወይን ሲፈላ አየር ያወጣል፤ አየሩ ግን ለሰው አይሆንም። አይታይም። ከተራው አየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ወደ ታች ወርዶ ገንዳው ውስጥ ይተኛል፤ እዚያ የገባ ሰው ሁለት ሦስቴ ተንፍሶ ይወድቃል። ስለዚህ ማንም ሰው ባዶ ገንዳ ሊጠርግ ከመግባቱ በፊት የታችኛው በር ይከፈታል፣ ማራገቢያው አየሩን ገፍቶ ያስወጣል፣ ከዚያ እሷ በሽቦ ያሰረችውን ሻማ ለኩሳ ከላይ ታወርዳለች። ሻማው እስከ ታች ከነደደ «ግቡ» ትላለች፤ ከጠፋ ማንም አይገባም። ለቃሚዎቹ «ባለሻማዋ» ብለው ስም አወጡላት። አባባ ራሳቸው «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በአፍንጫዬ ነው የገባሁት፤ አንቺ አበዛሽው» ይሏታል። በዚህ ነገር ግን ቀልድ አታውቅም። አንዴ ቱርቦ ለጨዋታ ብሎ ሻማዋን እፍ ቢልባት ፊቷ ዐመድ መስሎ ቀኑን ሙሉ አኮረፈችው።

ያ ቀን የለቀማው ማብቂያ ሰሞን ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ለቃሚዎቹ ቅርጫት ሞልተው ያመላልሳሉ፤ ለሚመጣው ዘለላ ባዶ ገንዳ ያስፈልጋል። ከትልቁ የሲሚንቶ ገንዳ ወይን ጠጁ ተቀድቶ አተላው ብቻ ከታች ቀርቷል። ጥልቀቱ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ከላይ ሰው የሚያሾልክ አፍ አለው፣ ከታች ደግሞ አተላው የሚጠረግበት ትንሽ የብረት በር። በሩን የያዘው ዳዶ በዚያ ቀን አልፈታ አለ። ባሏ ታግሎ ታግሎ ሲያቅተው ትልቅ መፍቻ ሊዋስ ወደ ጎረቤት ሄደ። እሱ እንደወጣ መብራት ጠፋ፤ ማራገቢያው ቆመና ምድር ቤቱ ጭር አለ።

«ገንዳው ይቆያል» አለች ባለሻማዋ። «በሩ ሳይፈታ፣ መብራትም ሳይመጣ ማንም ንክች እንዳያደርገው።»

«ዘለላው ግን አይቆይም» አለ ቱርቦ። «በዚህ ሙቀት ኮምጣጤ ነው የሚሆንልሽ። ከላይ ገብቼ አተላውን በባልዲ ባወጣው—»

«አይሆንም አልኩ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«ቱርቦ፣ በእናትህ!»

«እሺ አልኩሽ እኮ! ይኸው ተቀመጥኩ። እዪኝ፤ ተቀምጫለሁ።» የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ጨዋ ተማሪ እጁን አጣመረ። ሳቀች።

ወዲያው ከግቢው በር የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ከላይኛው ማሳ ዘለላ የጫነው መኪና ነው፤ ሹፌሩ መንገድ ላይ ምሳውን ሲበላ ጭነቱን ፀሐይ ላይ አቁሞት ኖሮ ከሥር ያለው ዘለላ ግሏል። ወጥታ ሸራውን ገለጠች፣ እጇን እስከ ክንዷ አስገብታ ዳሰሰች፣ ደሟ ፈላ። ሹፌሩም አፍ አለው። «እኔ ወይን አልጠጣ፣ ምን አገባኝ?» ይላታል። ተጨቃጨቁ። ብዙ አልቆዩም፤ የቱርቦ ትዕግሥት ግን ከዚያም ታንስ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ስትመለስ ቱርቦ የለም፤ የተቀመጠበት ባልዲም የለም። ግድግዳው ላይ ተደግፎ የነበረው የእንጨት መሰላል ሁለት ጫፎቹ ብቻ ከገንዳው አፍ ብቅ ብለው ታዩዋት።

«ቱርቦ?»

የአካፋ ድምፅ የለም። መልስም የለም።

በገንዳዎቹ ላይ የተረበረበውን ጣውላ በምን እንደወጣችው አታውቅም። ቁልቁል ስታይ ዋርሳዋ ታች ተንበርክኮ፣ ግንባሩን አተላው ላይ ደፍቶ አገኘችው። አንድ ነገር ወድቆበት የሚፈልግ ይመስላል። አካፋው እጁ ውስጥ እንዳለ ነው። ጠራችው፤ አልተንቀሳቀሰም። እግሯ፣ ሳታዘው፣ የመሰላሉን የመጀመሪያ መርገጫ ረገጠ። ሁለተኛውን ረገጠ። ሦስተኛውን ልትረግጥ ስታጎነብስ የሚኮሰኩስ ነገር አፍንጫዋን ወጋት፤ ያን ጊዜ እየተንፏቀቀች ተመልሳ ወጣች።

«ድረሱልኝ! ቱርቦ ወድቋል! ማንም እንዳይገባ! ማንም!»

መጀመሪያ የደረሱት አባባ ናቸው። ያ የደከመ ጉልበት የት እንደገባ እንጃ፣ ጣውላውን እንደ ጎረምሳ ወጡት። ልጃቸውን አዩ። መሰላሉን ጨበጡ።

«አባባ፣ አይግቡ!»

«ልቀቂኝ!»

«ከገቡ አይወጡም! አባባ፣ ሁለት ሬሳ ነው!»

«ልጄ ነው!» በክርናቸው ደረቷን መቷት። እሷ ቀበቷቸውን ይዛ ወደ ኋላ ተንጠለጠለች። በዚህ መካከል ባሏ መፍቻውን እንደያዘ ከበሩ ገባ፤ ወንድሙን ባያየውም የአባቱንና የሚስቱን ትግል አይቶ ነገሩ ገባው። መፍቻውን ወርውሮ ወደ እነሱ ሮጠ።

አንዱን ብትይዝ አንዱ ይገባል፤ አንዱ ከገባ ሌላው ይከተላል። ይህን በቃላት አላሰበችውም፤ እጇ ቀደማት። አባባን ለቀቀችና መሰላሉን በሁለት እጇ አቅፋ ወደ ላይ መዘዘችው። እሳቸው አንድ እግራቸውን አንሥተው ስለነበር ሚዛን ስተው ጣውላው ላይ በቂጣቸው ቁጭ አሉ። መሰላሉን ከገንዳው አውጥታ ቁልቁል ወረወረችው። ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ከወገቡ ተሰበረ።

የወደቀው እማማ እግር ሥር ነው። ጩኸቱን ሰምተው እየተደናበሩ ሲመጡ፣ ከበሩ እንደገቡ ያዩት የመጀመሪያ ነገር ይህ ሆነ፤ ልጃቸው ገንዳ ውስጥ ነው፣ ምራታቸው መሰላሉን አውጥታ ጣለችው።

«ምን አደረግሽ?» አሉ። አልጮኹም። «አንቺ፣ ምን አደረግሽ?»

ባሏ ጣውላው ላይ ደርሶ ገፈተራት፤ ከንፈሯ ከብረት ጋር ተጋጭቶ ተተረተረ። ተነሥታ የገንዳው አፍ ላይ በጀርባዋ ተዘረጋችና በገላዋ ዘጋችው።

«እኔን ሳትገድል አትገባም! ወንድምህ የሚወጣው በታች ነው! ዳዶውን ፍታ! ሂድ! ዳዶውን!»

እንዲህ ስትጮህ ሰምቷት አያውቅም። ለአፍታ ዐይን ለዐይን ተያዩ። ከዚያ ዘሎ ወረደ።

አባባን ደግሞ ባዶ እጃቸውን ብትተዋቸው ዘለው እንደሚገቡ ዐውቃለች። ፍላቱ የሚማሰልበትን ረጅም ዘንግ አቀበለቻቸው። «ጫፉ መንጠቆ አለው። ኮሌታውን ይያዙና ፊቱን ከአተላው ያንሡልኝ። ጭንቅላትዎን ግን እንዳያስገቡ!» ሽማግሌው በሆዳቸው ተኝተው፣ እንባቸው በአፍንጫቸው እየወረደ፣ የልጃቸውን ኮሌታ ማጥመድ ያዙ። ሳቱት። እንደገና ሳቱት። በኋላ ያዘላቸው። እሷ እግራቸው ላይ ተቀምጣ ለለቃሚዎቹ ትጮኻለች፤ «በሩን ሁሉ ክፈቱ! ሸራ አምጡና አራግቡ! አራግቡ!»

ከታች ብረት ከብረት ጋር ይፋጫል። ባሏ መፍቻውን ዳዶው ላይ ነክሶ በሙሉ ክብደቱ ይንጠለጠልበታል፤ ንቅንቅ የለም። አንድ ለቃሚ የብረት ቱቦ አምጥቶ እጀታው ላይ ሰካለት፤ ለሁለት ተጫኑት። አሁንም እምቢ። እማማ ከጀርባቸው ቆመው «ልጄን፣ ልጄን» ይላሉ፤ ሌላ ቃል የጠፋባቸው ይመስላሉ። በመጨረሻ ዳዶው ሲጢጥ ብሎ ጮኸና ዞረ።

በሩ ሲከፈት አተላው እንደ ጭቃ ጎርፍ ወጣ። «አጎንብሰህ አትተንፍስ!» አለች ከላይ፤ ያ አየር አሁን በእግሮቻቸው መካከል እየፈሰሰ ነው። ባሏ ትንፋሹን ውጦ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ክንዱን እስከ ትከሻው ሰዶ አንድ ቦቲ ጫማ አገኘ። ጎተተ። ጫማው ብቻ ወጣ። ወደ በሩ ሮጦ ተነፈሰ፣ ተመለሰ፣ አሁን ቁርጭምጭሚት ያዘ። ቱርቦ በዚያች ጠባብ በር ተጎትቶ ሲወጣ ከራስ ጠጉሩ እስከ ጥፍሩ ቀይ ነበር። ወይን ነው። እማማ ግን ደም መስሏቸው ተዝለፍልፈው ወደቁ።

ትንፋሽ የለውም። ከንፈሩ ጠቁሯል። ተሸክመው ወደ ግቢው፣ ወደ ነፋሱ አወጡት። ባለሻማዋ አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ የተማረችውን እያስታወሰች ደረቱን ተጫነች፣ አፏን አፉ ላይ ገጥማ እፍ አለች። ከከንፈሯ የሚወርደው ደም ከወይኑ ጋር ተቀላቀለ። እፍ። ምንም የለም። እፍ። ለቃሚዎቹ ፊታቸውን ማዞር ጀመሩ። እፍ። ድንገት ሰውነቱ ተወራጨና አሳለ፤ ጥርሱን ነክሶ ሲያቃስት ከዚያ የጣፈጠ ድምፅ ሰምታ አታውቅም።

ያ ክፉ አፍ የነበረው ሹፌር ማንም ሳይጠይቀው የመኪናውን ጭነት በሙሉ መሬት ላይ ገልብጦ «ምን ታያላችሁ? ጫኑት!» አለ። ሸራው ላይ አስተኝተውት በረሩ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ነበር። እማማ ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ምራታቸው ሌላኛው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ተነሥተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ሐኪሙ እስኪወጣ ድረስ አልተቀመጡም።

«ይተርፋል» አላቸው ሐኪሙ። «ጭንቅላቱ ግን ያለ አየር ቆይቷል። ምን ያህል እንደተጎዳ ሲነቃ ነው የሚታወቀው።»

«ወዲያው ቢወጣ ኖሮስ?» አሉ እማማ።

«ወዲያው ቢወጣማ የተሻለ ነበር፣ እናቴ።»

ሐኪሙ የተጠየቀውን ነው የመለሰው። ያ ቃል ግን እማማ ሆድ ገብቶ እንደ ድንጋይ ተቀመጠ።

ቱርቦ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ቀኝ እጁ እንደ ድሮው አይታዘዝም፤ ቃላቱ ወረፋ የሚጠብቁ ይመስል አንድ አንድ እያሉ ይወጣሉ። ደረጃ ሁለት ሁለቱን ይወጣ የነበረው ልጅ ግድግዳ ይዞ መራመድ ጀመረ። እማማ ያበሉታል፣ ያጥቡታል፣ ከምራታቸው ጋር ግን ቃል አይለዋወጡም። የሚፈልጉት ነገር ካለ ለአየሩ ይናገሩታል፤ «ጨው ያለበት ሰው ያቀብል» ሲሉ ጨው ያለው እሷ ፊት ነው። ሰፈሩም ስም ቀየረላት። ባለሻማዋ መባሏ ቀረና «መሰላሉን ያወጣችው» ሆነች። ሱቅ ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። እሷ ግን ጠመቃውን አልተወችም፤ ዘለላ ሐዘን አያውቅም፣ ካልደረሱለት ይበላሻል። ቀን ታማስላለች፣ ትቀምሳለች፣ ትቀዳለች። ያን ትልቅ ገንዳ ስታልፍ ግን ዐይኗን ወደ ሌላ ታደርጋለች።

ባሏ የከንፈሯን ጠባሳ ባየ ቁጥር አንገቱን ይደፋል። አንድ ቀን ማሳ ውስጥ፣ ሐረግ ሲያስሩ፣ እንደምንም አወጣው። «ያን ዕለት እኔም አባባም አብደን ነበር። አንቺ እንዴት ቻልሽ? ከየት አመጣሽው?»

ክሩን አስቀመጠች።

«አባቴ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር» አለች። «የውሃ ጉድጓድ። አንድ ጠዋት፣ ጀምሮት ያደረውን ሊጨርስ ወረደና ዝም አለ። አጎቴ ‹መጣሁ› ብሎ ወረደ። እሱም ዝም አለ። ታላቅ ወንድሜ ‹መጣሁ› ብሎ ወረደ። እኔ ከላይ የሚጠጡትን ውሃ ይዤ ቆሜ ነበር። እናቴን ሰው ይዞ ነው ያስቀራት፤ እሷም ብዙ አልቆየች።»

ባሏ የያዘውን ሐረግ ለቀቀ። «ይህን ለእማዬ ንገሪያት» አላት።

«አልነግራቸውም። የእኔን ሬሳ አምጥቼ በእሳቸው ሐዘን ላይ አልከምርም።»

እሱ ነግሯቸው ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልጠየቀችውም። ብቻ ከጥቂት ቀን በኋላ እማማ ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ። እሷን ሳይሆን ግድግዳውን እያዩ «ሻማ የሚባለው ነገር ይታይ እስቲ» አሉ። አንዲት ትንሽ ገንዳ ገና እየፈላች ነበር። ሻማውን ለኩሳ በሽቦው አወረደችው። የገንዳውን አፍ እንዳለፈ ነበልባሉ አጠረ፣ ጭል ጭል አለ፣ ጠፋ። አወጣችው፣ ለኮሰችው፣ እንደገና አወረደችው። ጠፋ። እማማ ጢሱን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ሻማ ሰው አይደለም» አሉና ደረጃውን ወጡ።

ይሄ ሰበራት። እስከዚያ ያልወጣት እንባ እዚያው በርሜሎቹ መካከል ወጣላት። በማግስቱ ቤተሰቡ ምሳ ሲቀርብ ቁልፉን ከወገቧ ፈትታ አባባ ሳህን አጠገብ አስቀመጠች። «ይቀበሉኝ፣ አባባ። ሰው እያዘነብኝ የሚጠመቅ ጠጅ አይጥምም።»

አባባ ቁልፉን አዩት፣ ባለቤታቸውን አዩ። ማንም አልበላም። ያን ጊዜ ቱርቦ የግራ እጁን መዳፍ ጠረጴዛው ላይ መታ።

«እማዬ… አንድ ነገር… ልበል።»

ቃሉ እስኪደርስ ጠበቁት።

«እዚያ… ስወድቅ… ሕመም የለም። እንደ እንቅልፍ… ነው። አልጠራኋችሁም። ብትመጡም… አላውቃችሁም።» ላብ ግንባሩ ላይ ብቅ አለ። «አትግባ ብላኝ… ነበር። እሺ… ብያት ነበር።» ከዚያ ዐይኑ ወደ አባቱ ሰፊ ሆድ ዞረ፤ የአፉ አንድ ጎን ወደ ላይ ተሳበ። «አባባ ቢገባ ደግሞ… የሚወድቀው… ላዬ ላይ ነው። ጋዙ ቢምረኝ… እሱ አይምረኝም።»

መጀመሪያ የፈነዱት አባባ ናቸው፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ የማይለይ ነገር። ታላቅ ወንድሙ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እማማ አልሳቁም። ባላቸውን አዩ፣ ታላቁን ልጃቸውን አዩ፣ ታናሹን አዩ፤ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ተነሥተው ወጡ።

አባባ ቁልፉን በጣታቸው ወደ ምራታቸው ገፉት። «አንሺው ከዚህ፤ ምሳ እየበላን ነው» አሏት።

በተከታዮቹ ወራት ብዙ ነገር አልተለወጠም። የገንዳዎቹ የታች በሮች በሙሉ ተነቅለው በአዲስ ተተኩ። ቱርቦ ቀስ በቀስ ግድግዳውን ለቀቀ፤ ምድር ቤት አይወርድም፣ ማሳ ውስጥ ግን በግራ እጁ መግረዝ ተማረና «ቱርቦው ተነቅሎ ሞተሩ ብቻ ቀርቷል» እያለ ለቃሚዎቹን ያስቃል። እማማ ጨው ከአየሩ መጠየቃቸውን አልተዉም። እሷም መልስ መጠበቅ ትታ፣ እንዲህ ሆኖ የሚኖር ቤት እንዳለ ለራሷ እየነገረች ከረመች። በቀስታ ትሄዳለች፣ በር በቀስታ ትዘጋለች።

ዝናቡ ሲበዛ ቀንድ አውጣ ወይኑን ወረረው፤ ለጋውን ቅጠል እንደ ወንፊት በሳሳው። መድኃኒት አይነካም ብላለችና ዳክዬ ገዛች፤ ዳክዬ ቀንድ አውጣ ሲያገኝ ምሕረት የለውም። በመስመሮቹ መካከል ለቀቀቻቸው፤ እየተወዛወዙ፣ እየተንጫጩ ሥራቸውን ጀመሩ። አንድ ጠዋት ምድር ቤት በርሜል ስታጥብ ከጓሮ ጩኸት ሰማች። የያዘችውን ጥላ ደረጃውን በሩጫ ወጣች።

እማማ አትክልት መደባቸው መካከል መጥረጊያ ይዘው ቆመዋል። ዳክዬዎቹ ሰላጣው ውስጥ ናቸው።

«አንቺ!» አሉ ፊት ለፊት እያዩዋት። «አንቺ ልጅ! መድኃኒት ይቅር አልሽ፣ እሺ አልን! አረም ይዘራ አልሽ፣ እሺ አልን! አሁን ደግሞ ሰላጣዬን ለዳክዬ? እኔስ ምን ልብላ፣ ቀንድ አውጣ?»

ባለችበት ቆመች። ይህን ሁሉ ቃል ለእሷ ነው የተናገሩት።

«ይቅርታ፣ እማማ… አጥሩ ጠንካራ መስሎኝ—»

«የምን አጥር! ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? በዚያ በኩል ዙሪባቸው እንጂ! ኧረ ያኛው፣ ያኛው ትልቁ አመለጠሽ!»

ዞረችባቸው። እማማ በመጥረጊያቸው ከዚህ፣ እሷ በሽርጧ ከዚያ፣ ሁለቱም ጭቃው ውስጥ እየተንሸራተቱ ትልቁን ዳክዬ ጥግ ለማስያዝ ታገሉ፤ እማማ ትንፋሽ ባጠራቸው ቁጥር እንደገና ይሰድቧታል።